ላይብረሪ ልጨምር ወይስ ቋንቋው ይበቃኛል? በጃቫስክሪፕት ለስብስብና ለአሲንክሮነስ ሥራ መሣሪያ መምረጫ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የክፍያ ማስታወሻ የሚልክ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ወደ 4,000 የሚጠጋ የወላጆች ስልክ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሥራው ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አጭር መልእክት መላክ ነው። ዝርዝሩን የእያንዳንዱን አባል መልክ በሚለውጠው «ማፕ» ወደ ጥያቄ ቀየርኩ፣ ጥያቄዎቹን ጠቅልዬ የብዙ ጥያቄዎችን መልስ በአንድነት ለሚጠብቀው «ፕሮሚስ ኦል» ሰጠሁና አስነሣሁት። መልእክት የሚያስተላልፈው ድርጅት ሰርቨር በአንድ ቅጽበት የጎረፈበትን ሁሉ መቀበል ስላልቻለ፣ ጥቂት መቶዎቹን ካስተናገደ በኋላ ብዙዎቹን መመለስ ጀመረ። የእኔ ፕሮግራም የመጀመሪያው እምቢታ እንደደረሰው «አልተሳካም» የሚል መስመር ጻፈ። ምንም ያልተላከ መስሎኝ ደግሜ አስነሣሁት። በማግስቱ ያንኑ መልእክት ሁለት ጊዜ የተቀበሉ ወላጆች የትምህርት ቤቱን ስልክ ሲያጨናንቁ ዋሉ።

በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ሎዳሽ ነበረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈንክሽኖች (እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ቁራጮች) ያሉት ትልቅ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ነው፤ ነገር ግን ከእነዚያ ሁሉ መካከል «በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ አትላክ» የሚል አንድም የለም። ቋንቋው ራሱ ሊሠራልኝ የሚችለውን ለማሠራት ትልቅ ሣጥን ተሸክሜ፣ ቋንቋው የማይሠራልኝን ትንሹን መሣሪያ ግን ሳልይዝ ነበር የሄድኩት።

ስለዚህ «የትኛውን ላይብረሪ ልያዝ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ጥያቄውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ማጣራት፣ መደርደር፣ መመደብና መቅዳት የስብስብ ሥራ ነው። ከኔትወርክ፣ ከፋይልና ከዳታቤዝ ጋር እየተመላለሱ መልስ መጠበቅ ደግሞ አሲንክሮነስ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ጃቫስክሪፕት ራሱ ላይብረሪዎቹን ደርሶባቸዋል፤ በሁለተኛው ግን ገና የሚቀረው አለ። ላይብረሪ መጨመር ያለበት ቋንቋው በሚያጥርበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም የተሠራው በዚሁ መስፈሪያ ነው።

ላይብረሪዎቹ የተፈጠሩበት ምክንያት

ዓመቶቹ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ብሬንደን አይክ በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ ሆኖ ጃቫስክሪፕትን በ10 ቀናት ሲጽፈው የታሰበው ለድረ ገጽ ጥቃቅን ሥራ ነበር። «ማፕ»፣ የሚያጣራው «ፊልተር»ና ዝርዝርን ወደ አንድ ውጤት የሚያጠቃልለው «ሪዲዩስ» በቋንቋው መስፈርት ውስጥ የገቡት በ2009 ነው፤ ያኔ በሰው እጅ የነበሩት ብሮውዘሮች ሁሉም ግን አያውቋቸውም ነበር። ጀረሚ አሽከናስ አንደርስኮርን ያወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ አንድ ኮድ በየትኛውም ብሮውዘር እኩል እንዲሠራ። በ2012 ጆን ዴቪድ ዳልተን ከአንደርስኮር ተነሥቶ ሎዳሽን ሠራ።

ራያን ዳል ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደውን ኖድን ለዓለም ያሳየውም በ2009 ነው። በኖድ ውስጥ ማንኛውም የሚጠበቅ ሥራ «ስትጨርስ ይህን ጥራ» በሚል ኮልባክ ይታዘዝ ስለነበር፣ ኮዱ በኮልባክ ውስጥ ኮልባክ እየተደራረበ ወደ ቀኝ ይዘም ነበር። ይህን ለማቃናት በ2010 አሲንክ የሚባለው ላይብረሪ መጣ፤ በ2013 ደግሞ ፕሮሚስን፣ ማለትም ወደፊት የሚመጣን መልስ የሚወክል ነገርን፣ የያዘው ብሉበርድ ተከተለ። ቋንቋው ፕሮሚስን የራሱ ያደረገው በ2015 ነው፤ መልሱ እስኪመጣ የሚያስጠብቀው «አዌይት» የተባለው ቁልፍ ቃል በ2017 ተጨመረ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ዛሬም ድረስ ብዙ ማስተማሪያ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች የ2014ን ችግር በ2014 መድኃኒት ስለሚያክሙ ነው። ጀማሪው ፕሮግራመር ሎዳሽን የሚጭነው የጎደለው ነገር ኖሮ ሳይሆን የተማረበት ምሳሌ ስለጫነው ነው።

ስብስብ፦ ቋንቋው ከሎዳሽ ጋር ሲመዘን

ከመመደብ እንጀምር። የሽያጭ መዝገብ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ መስመር ከተማ፣ ዋጋና ቀን አለው። በከተማ ለመመደብ ሎዳሽ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ለ«ግሩፕባይ» ዝርዝሩንና «ከተማ» የሚለውን ስም መስጠት ብቻ ነው። በቋንቋው ይህን ለማድረግ ለረጅም ጊዜ «ሪዲዩስ» ይዞ አምስት ስድስት መስመር መጻፍ ግድ ነበር። በ2024 መስፈርት ግን «ኦብጀክት ግሩፕባይ» እና «ማፕ ግሩፕባይ» ገቡ፤ ኖድ ከ21ኛው እትም ጀምሮ ይዟቸዋል። ሎዳሽን ለመያዝ በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት በዚህ ወደቀ ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው መረጃው ጎዶሎ ሲሆን ነው። ከሌላ ሰርቨር የመጣ መልስ ውስጥ ዝርዝር መኖር በነበረበት ቦታ «ነል» (ምንም የለም የሚል ምልክት) ቢቀመጥ፣ የቋንቋው «ማፕ» ስህተት ወርውሮ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። የሎዳሽ «ማፕ» ግን ባዶ ዝርዝር መልሶ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ይህን የሎዳሽ ቸርነት ይወደዋል። እኔ በድረ ገጽ ማሳያ ላይ እቀበለዋለሁ፤ ተጠቃሚው ባዶ ሠንጠረዥ ቢያይ ገጹ በሙሉ ከሚፈርስበት ይሻለዋል። የገንዘብ ሒሳብ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ግን አልፈልገውም። የዕለቱ ሽያጭ ሳይመጣ ቀርቶ ድምሩ ዜሮ ሆኖ ከሚመዘገብ ፕሮግራሙ ጮኾ ቢቆም ይሻላል።

መደርደር ላይ ቋንቋው አንድ የቆየ ወጥመድ አለው። የ1000፣ የ950 እና የ80 ብር ዋጋዎችን ያለ ማነጻጸሪያ «ሶርት» ቢያደርጉ የሚያገኙት 1000፣ 80፣ 950 ነው፤ ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ስለሚያያቸው። በዚያ ላይ «ሶርት» ዋናውን ዝርዝር ራሱን ይለውጣል፤ ያንን ዝርዝር ሌላ ቦታ የሚጠቀም ኮድ ካለ ሳያውቀው ቅደም ተከተሉ ይገለበጥበታል። በ2023 የገባው «ቱ ሶርትድ» አዲስ ዝርዝር በመመለስ ሁለተኛውን ችግር ፈትቷል፤ የመጀመሪያው ግን አሁንም አለ። የሎዳሽ «ሶርትባይ» ከሁለቱም ነፃ ነው። ከተማን ከሀ ወደ ፐ፣ ዋጋን ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ዋጋው እኩል ከሆነ ደግሞ በቀን መደርደር ሲያስፈልግ «ኦርደርባይ» በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ በቋንቋው ሦስት ደረጃ ማነጻጸሪያ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ሪፖርት የሚበዛበት ሥራ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሎዳሽን ለመያዝ በቂ ምክንያት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

መቅዳትን በተመለከተ ብዙ ሰው አሁንም ኦብጀክቱን (ስምና ዋጋ ያላቸው መስኮች ጥቅል) መረጃ ለመለዋወጥ ወደሚያገለግለው ጄሰን ጽሑፍ ለውጦ መልሶ በማንበብ ይቀዳል። ይህ ዘዴ ቀንን ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ዋጋ ያልተሰጠውን መስክ ይጥላል፣ ኦብጀክቱ ዞሮ ራሱን የሚጠቅስ ከሆነም ይወድቃል። «ስትራክቸርድ ክሎን» የተባለው ፈንክሽን ከ2022 ጀምሮ በዋና ዋና ብሮውዘሮች አለ፤ ኖድም ከ17ኛው እትም ወዲህ ይዞታል። ቀንን፣ እንዲሁም ማፕና ሴት የሚባሉትን የመረጃ ማከማቻዎች በትክክል ይቀዳል፤ ዙረትም አያደናግረውም። ሁለት ገደብ አለበት፦ ውስጡ ፈንክሽን ካገኘ ስህተት ይወረውራል፤ ከክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) የተሠራን ኦብጀክት ሲቀዳ ደግሞ መረጃውን ይዞ የክላሱን ማንነት ይጥላል። የሎዳሽ «ክሎን ዲፕ» ሁለቱንም ይታገሣል። የሚቀዱት ተራ መረጃ ከሆነ ቋንቋው ይበቃል፤ ብዙ ክላስ ባለበት ኮድ ግን ሎዳሽ ያሸንፋል።

ሁለት ኦብጀክቶችን እስከ ውስጣቸው ድረስ ማዋሐድ ሲሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2019 «ዲፎልትስ ዲፕ» በተባለው የሎዳሽ ፈንክሽን ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ። ከውጭ የመጣ መረጃ በተንኮል ከተዘጋጀ፣ ሁሉም ኦብጀክቶች የሚወርሱትን የጋራ መሠረት መበከል ያስችል ነበር። 4.17.12 እትም ዘጋው። ከዚያ በኋላም ሌሎች እርማቶች መጥተው በየካቲት 2021 4.17.21 ወጣ፤ ያ እትም ለዓመታት ሳይተካ ቆየ። ሎዳሽ ያለበት ፕሮጀክት ላይ ከሠሩ መጀመሪያ የእትሙን ቁጥር ይመልከቱ፤ አሁን ከወጣው የመጨረሻ እትም በታች ከሆነ ዛሬውኑ ያሳድጉት። ተጠቃሚ የላከውን መረጃ ሳያጣሩ በየትኛውም ላይብረሪ ከራስዎ ቅንብር ጋር አያዋሕዱ።

ቋንቋው እስከ ዛሬ ምንም ያልሰጠው «ዲባውንስ»ንና «ስሮትል»ን ነው። የመፈለጊያ ሳጥን ላይ ሰው ሲጽፍ በየፊደሉ ጥያቄ እንዳይላክ፣ መጻፉን ሲያቆም ብቻ እንዲላክ የሚያደርገው «ዲባውንስ» ነው፤ «ስሮትል» ደግሞ አንድ ሥራ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከአንዴ በላይ እንዳይሄድ ይገድባል። አሥር መስመር በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የሎዳሹ መሰረዝን፣ ወዲያው ማስኬድንና የመጨረሻ የመጠበቂያ ጊዜን አስቦ የተሠራ ነው። እኔ በእጄ ጽፌው ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አሁን አልጽፈውም።

ክብደት

ሎዳሽ በሙሉ ሲጫን፣ ኮዱ ታምቆ ወደ 70 ኪሎባይት ገደማ፣ ለጉዞ ሲጨመቅ ደግሞ ወደ 25 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። ሰርቨር ላይ ይህ ምንም አይደለም። ተጠቃሚው በሞባይል ዳታ፣ በዝቅተኛ ስልክ ገጽ በሚከፍትበት ቦታ ግን ክብደቱ መውረድ ብቻ ሳይሆን መነበብና መተርጎምም አለበት፤ ስልኩ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። ለአገር ቤት ተጠቃሚ ገጽ የሚሠራ ሰው ይህን ችላ ሊለው አይገባም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙሉውን ላይብረሪ ከማስገባት የሚፈልጉትን አንድ ፈንክሽን ብቻ በስሙ ማስገባት። «ዲባውንስ» ብቻውን ሲገባ ሸክሙ ኢምንት ነው። የሎዳሽን የሰንሰለት አጻጻፍ (ፈንክሽኖችን አንዱን ከሌላው አያይዞ መጥራትን) የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ሰንሰለቱ ሁሉንም ጎትቶ ይመጣል።

ለሰንሰለቱ ፍትሕ ለማድረግ፣ አንድ ብልሃት አለው። ከረጅም ዝርዝር «አጣራ፣ ለውጥ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስጠኝ» ሲባል አምስቱ እንደሞሉ ያቆማል። የቋንቋው «ፊልተር» እና «ማፕ» በየደረጃው ሙሉ አዲስ ዝርዝር ይሠራሉ። በ2025 መስፈርት የገቡት የኢተሬተር ረዳቶች ግን ይህንኑ ስንፍና፣ ማለትም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መሥራትን፣ ለቋንቋው ሰጥተውታል።

ሌሎቹ አማራጮች

ኢኤስ ቱልኪት በ2024 ከደቡብ ኮሪያው የገንዘብ መተግበሪያ ቶስ የወጣ ነው። የሎዳሽን ሥራ በዘመኑ ቋንቋ ጽፎ በጣም ያነሰ ክብደት ይዞ መጥቷል፤ ሎዳሽን ለመተካት ብቻ የተዘጋጀ ተኳኋኝ ክፍልም አለው። አዲስ ፕሮጀክት ጀምሬ ከቋንቋው በላይ የስብስብ መሣሪያ ካስፈለገኝ የምይዘው እሱን ነው።

ራምዳ መንገዱ ሌላ ነው። ፈንክሽኑ ይቀድማል፣ መረጃው መጨረሻ ይመጣል፤ ከፊል የተሞላ ፈንክሽን እንደ ሌላ ፈንክሽን ይያዛል፤ ዋናው መረጃ አይነካም። ይህን አስተሳሰብ የሚወድ ቡድን እጅግ ንጹሕ ኮድ ይጽፍበታል። ከአምስት ሰው አንዱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ግን አራቱ ያንን ኮድ ለመንካት ይፈራሉ፤ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። በታይፕስክሪፕት (የመረጃ ዓይነት በሚጨምርበት የጃቫስክሪፕት ቅጥያ) የሚሠሩ ከሆነና የራምዳ ዓይነት አጻጻፍ ከፈለጉ ሬሜዳን ይዩ፤ ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው።

አንደርስኮርን አዲስ ሥራ ላይ የምመክርበት ምክንያት የለኝም። ባክቦን የተባለውን የድረ ገጽ ማዕቀፍ የሚጠቀም አሮጌ ፕሮጀክት ካለዎት ባክቦን ስለሚደገፍበት አብሮ ይቆያል።

ስለ አማርኛ ስሞች አንድ ነገር

ይህ ከየትኛውም ምርጫ በላይ ስላስቸገረኝ በሰፊው ልናገረው። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ በአንዱ መዝገብ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሐይ»፣ በሦስተኛው «ፀሀይ» ተብላ ትገባለች። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሀይሉም እንዲሁ። ለኮምፒውተር እነዚህ ጨርሶ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የሎዳሽ «ዩኒክባይ» ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥራል፤ የቋንቋው «ሴት»ም ሦስት ይላል፤ «ግሩፕባይ» በማንኛቸውም ቢሠራ ሦስት ምድብ ያወጣል። በቋንቋው ውስጥ ያለው «ኖርማላይዝ» የሚባለው ፈንክሽንም አይረዳም፤ በዩኒኮድ (ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ዘንድ ሀ፣ ሐ እና ኀ የአንድ ፊደል መልኮች ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸውና።

የሚሠራው መንገድ አንድ ትንሽ ፈንክሽን መጻፍ ነው። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይለውጥና መመደቢያ ቁልፍ ብቻ ያወጣል። የመጀመሪያውና የአራተኛው እርባታ ፊደላት የሆኑት ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ እነሱንም አንድ ማድረግን አይርሱ። የተጻፈው ስም ግን እንዳለ ይቀመጥ። ሰው ስሙን እንደጻፈው ማየት መብቱ ነው፤ ቁልፉ ለኮምፒውተሩ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋው አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። «ሶርትባይ» እና «ኦርደርባይ» ፊደላትን የሚያነጻጽሩት በኮድ ቁጥራቸው ነው፤ የራስን ማነጻጸሪያ አይቀበሉም። «ቱ ሶርትድ» ግን ማነጻጸሪያ ስለሚቀበል የአማርኛን ደንብ የያዘ የመደርደሪያ መሣሪያ ወይም የራስዎን ሕግ መስጠት ይቻላል።

አሲንክሮነስ ሥራ፦ ቋንቋው የሚያጥርበት ቦታ

መጀመሪያ አንድ ወጥመድ። ከዝርዝር ውስጥ የከፈሉትን ብቻ ለማጣራት፣ መክፈላቸውን ከዳታቤዝ የሚጠይቅ አሲንክሮነስ ፈንክሽን ለ«ፊልተር» ቢሰጡት ሁሉም ያልፋሉ። «ፊልተር» መልሱን አይጠብቅም፤ የሚያየው ገና ያልተፈታውን ፕሮሚስ ነው፣ ፕሮሚስ ደግሞ እንደ «እውነት» ይቆጠራል። አንድ ሳንቲም ያልከፈለውም «ከፍሏል» ተብሎ ያልፋል። የሎዳሽ «ፊልተር»ም በዚሁ መንገድ ይሳሳታል። ለእያንዳንዱ አባል ሥራ የሚያስኬደው «ፎርኢች»ም በሁለቱም አይጠብቅም፤ ሥራው ሳያልቅ «ጨረስኩ» የሚለው መስመር ይታተማል። የስብስብ ላይብረሪ ለአሲንክሮነስ ሥራ አለመሠራቱን ያወቅኩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ 4,000ዎቹ መልእክቶች እንመለስ። አንዱ ጥያቄ ደርሶ መልስ ለመምጣት 200 ሚሊሰከንድ ይወስዳል ብለን እናስላ። አንድ በአንድ፣ በተራ «ለእያንዳንዱ» ዙር ውስጥ «አዌይት» እያልን ብንልክ 800 ሰከንድ፣ ማለትም 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። አስተማማኝ ነው፤ ለሌሊት ሥራ ይበቃል፤ ላይብረሪም አይፈልግም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መልቀቅ በእኔ የደረሰውን ያደርሳል። በአንድ ጊዜ 10 ብቻ እንዲሄዱ ብናደርግ 80 ሰከንድ ይበቃዋል።

ይህን የአሥር ገደብ ብዙ ሰው ዝርዝሩን አሥር አሥር አድርጎ በመቁረጥ ይሠራዋል። የሎዳሽ «ቸንክ» ይቆርጣል፣ «ፕሮሚስ ኦል» ይጠብቃል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ባንክን ያስቡ። አሥር መስኮት ያለው ባንክ አሥር ደንበኛ አስገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ዘጠኙ በአንድ ደቂቃ ጨርሰው ወጥተው አንዱ ሰነድ እስኪፈርም ድረስ ዘጠኝ መስኮት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ውጭ ያለው ሰልፍም አይንቀሳቀስም። ትክክለኛው አሠራር መስኮት በተለቀቀ ቁጥር ቀጣዩን መጥራት ነው። ቋንቋው ይህን ሁለተኛውን አሠራር አልሰጠንም። ላይብረሪ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ለዚህ የተለያዩ መንገዶች አሉ። ፒ ሊሚት የኖርዌያዊው ሲንድሬ ሶርሁስ ሥራ ነው፤ ትንሽ ላይብረሪ ነው፤ ቁጥር ይሰጡታል፣ እያንዳንዱን ሥራ በእሱ በኩል ያስገባሉ፣ ገደቡን ይጠብቃል። ከዚህ ሌላ ምንም አይሠራም፤ ጥንካሬው ይህ ነው። ፒ ማፕ የዚሁ ወንድም ሲሆን ዝርዝር ተቀብሎ ውጤቱን በቅደም ተከተሉ ይመልሳል፤ በመጀመሪያው ስህተት እንዲቆም ወይም ሁሉንም ሞክሮ ስህተቶቹን በአንድነት እንዲያቀርብ ማዘዝ ይቻላል። ተቀባዩ ድርጅት «በሰከንድ ከዚህ በላይ አትላኩ» የሚል ሕግ ካለው ደግሞ ፒ ኪው ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚሄደውንም ይገድባል። ሁለቱ ገደቦች የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ አሥር ፈጣን መስኮቶች በሰከንድ 50 ጥያቄ ሊያሳልፉ ይችላሉ። የእነዚህ ላይብረሪዎች አዲስ እትሞች በአዲሱ የሞጁል አሠራር ብቻ የሚገቡ ስለሆኑ አሮጌ ኖድ ላይ ያለ ፕሮጀክት ሊቸገር ይችላል፤ ሳይጭኑ በፊት ይህን ያጣሩ።

አሲንክ፣ የ2010ሩ፣ አሁንም ሕያው ነው። «ማፕ ሊሚት»፣ «ኪው»፣ «ዋተርፎል» ይዟል፤ ከ3ኛው እትም ጀምሮ ከ«አዌይት» ጋርም ይሠራል። ኮልባክ የሞላበት ነባር ኮድ ካለዎትና ሁሉንም መቀየር ካልቻሉ ከሁሉ የሚስማማው እሱ ነው። አዲስ ሥራ ላይ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ዕቃ ይዞ ይመጣል።

ብሉበርድ በዘመኑ ባለውለታ ነበር። የቋንቋው ፕሮሚስ ቀርፋፋ በነበረበት ጊዜ እሱ ፈጣን ነበር፤ ገደብ ያለው «ማፕ» ነበረው። ዛሬ ግን የላይብረሪው የራሱ ማብራሪያ በተቻለ መጠን የቋንቋውን ፕሮሚስ ተጠቀሙ ይላል። ባለቤቱ ይህን ካለ እኔ የምጨምርበት የለም።

አርኤክስጄኤስ የሌላ ዓለም ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ ተጠይቆ አንድ ጊዜ ለሚመለስ ሥራ አይደለም፤ በጊዜ ውስጥ እየፈሰሰ ለሚመጣ ነገር ነው። ተጠቃሚው «አዲስ» ብሎ ጽፎ ፍለጋው ሲሄድ፣ ወዲያው «አዲስ አበባ» ብሎ ቢጨምር፣ የቀድሞው መልስ ዘግይቶ መጥቶ አዲሱን እንዳይሸፍነው አሮጌውን የሚጥል መሣሪያ አለው። አንጉላር በተባለው የድረ ገጽ ማዕቀፍ ላይ የሚሠራ ሰው እጁ ላይ ስላለ ቢማረው ይጠቀማል። ለሌላው ሰው ግን የመማሪያው ዳገት ረጅም ነው፤ ለአንድ የፍለጋ ሳጥን ሲባል የሚወጣ ዳገት አይደለም፤ በብሮውዘርና በኖድ ውስጥ ያለው የማቋረጫ መሣሪያ «አቦርት ኮንትሮለር» ይበቃል።

«ፕሮሚስ ኦል» ወይስ «ፕሮሚስ ኦል ሴትልድ»?

ሁለቱም በቋንቋው ውስጥ ስላሉ የላይብረሪ ጥያቄ አይደለም፤ ግን የእኔ ስህተት ሥሩ ያለው እዚህ ነው። «ፕሮሚስ ኦል» ከጥያቄዎቹ አንዱ ሲወድቅ ወዲያው «ወድቋል» ይላል፤ ሌሎቹን ግን አያስቆማቸውም። እኔ «አልተሳካም» የሚለውን መስመር ሳነብ የቀሩት መልእክቶች ከጀርባ እየሄዱ ነበር። በ2020 መስፈርት የገባው «ፕሮሚስ ኦል ሴትልድ» ሁሉም እስኪያልቁ ጠብቆ እያንዳንዱ ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚለውን በዝርዝር ይሰጣል። ሁሉም ካልመጡ ገጹ ትርጉም የሌለው ሲሆን «ኦል»፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆጠር ሥራ ሲሆን «ኦል ሴትልድ»።

የወደቀውን ደግሞ ለመሞከር ፒ ሪትራይን የመሰለ ላይብረሪ በየሙከራው መካከል የሚጠብቀውን ጊዜ እያረዘመ ይሞክራል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መልስ ሳያመጣ ቀረ ማለት ሥራው አልተሠራም ማለት አይደለም፤ መልእክቱ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ክፍያ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ሁለቴ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት ወይም ክፍያ ከመላኩ በፊት የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ዳታቤዝ ውስጥ ይመዝገብ፣ ሲደገምም በዚያው ቁጥር ይሂድ። የትኛውም ላይብረሪ ይህን አይሠራልዎትም።

እንግዲህ የትኛውን?

ዛሬ አዲስ ፕሮጀክት ብጀምርና ኖዱ 22 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ለስብስብ ምንም አልጭንም፤ ለአሲንክሮነስ ሥራ ፒ ሊሚትን እይዛለሁ። ሪፖርትና ብዙ ደረጃ ያለው መደርደር ሲበዛ ኢኤስ ቱልኪትን እጨምራለሁ። ለስልክ ተጠቃሚ የሚሠራ ገጽ ከሆነ «ዲባውንስ»ን ብቻዋን አስገብቼ በዚያ አቆማለሁ።

እያንዳንዷን ትንሽ ነገር ከኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ከሚገኙበት ማከማቻ) መጎተትም ዋጋ አለው። በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ኮድ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ሲያነሣው በዓለም ዙሪያ የብዙ ፕሮጀክቶች ግንባታ ቆሞ ነበር። የጽሑፍን ግራ በባዶ ቦታ የሚሞላ ፈንክሽን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቋንቋው ራሱ ይሠራዋል። አሥር ትንንሽ ላይብረሪ ከመጫን አንድ የታወቀ መካከለኛ ላይብረሪ መያዝ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ቡድኑ ትንሽ ሆኖ እያንዳንዱን እትም የሚከታተል ሰው ከሌለ።

ሎዳሽ በየፋይሉ የተዘራበት ነባር ፕሮጀክት ያላችሁ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ነቅለን እንጣል አትበሉ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እትሙን አሳድጋለሁ። ከዚያ ሙሉውን ላይብረሪ የሚያስገቡትን መስመሮች ፈልጌ በነጠላ ፈንክሽን እተካለሁ፤ ክብደቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሥራ አንድ ፋይል ሲያስነካኝ፣ በዚያ ፋይል ውስጥ ያሉትን ቀላሎቹን «ማፕ»ና «ፊልተር» ወደ ቋንቋው እመልሳለሁ፤ ከመመለሴ በፊት ግን ዝርዝሩ «ነል» ሆኖ የሚመጣበት መንገድ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ሎዳሽ ለዓመታት በዝምታ ሲያሳልፈው የነበረ «ነል» በቋንቋው «ማፕ» ላይ ሲደርስ ገጹን ያፈርሰዋል፤ ከሎዳሽ ሲወጡ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉትም በዚህ ነው። «ኦርደርባይ»፣ «ክሎን ዲፕ»ና «ዲባውንስ» ግን ባሉበት ይቆያሉ።